በደቻቱ ዳር የተደረገ የክረምት ጉዞ

ድሬዳዋ በምሥራቅ ኢትዮጵያ፥ በቆላ ምድር የምትገኝ ከተማ ናት። ከፍታዋ ከባሕር ወለል በላይ 1,200 ሜትር ያህል ነው። በስተ ደቡብ የሐረርጌ ተራራ እንደ ግድግዳ ቆሞባታል፤ በስተ ሰሜን ደግሞ ሞቃቱ ሜዳ እስከ ጅቡቲ ድረስ ተዘርግቶላታል። የተቆረቆረችውም በ1895 ዓ.ም. ነው። በዚያ ዘመን ከጅቡቲ ወደብ የተነሣው የምድር ባቡር ሐረር ይደርሳል ተብሎ ታስቦ ነበር፤ ነገር ግን ተራራው እጅግ ቀጥ ያለ ስለ ሆነ ሐዲዱ ሊወጣው አልቻለም። ስለዚህ ባቡሩ ከተራራው ግርጌ ቆመ፤ በቆመበትም ስፍራ ከተማ ተሠራ። ከዚያ በኋላ ሥራው ተቀጥሎ ሐዲዱ አዲስ አበባ የደረሰው በ1909 ዓ.ም. ነው።

ከተማዪቱን ለሁለት የሚከፍላት ደቻቱ የሚባል ወንዝ አለ። በአንዱ ወገን ከዚራ፥ በሌላው ወገን መጋላ ይገኛሉ። ከዚራ በቀጥተኛ መንገዶቹና በዛፎቹ ጥላ የታወቀ ነው፤ አሮጌው የባቡር ጣቢያም በዚያ ይገኛል። መጋላ ደግሞ የንግድ ሰፈር ነው፤ ቀፊራ የተባለው ገበያ በእርሱ ውስጥ ነው። አማርኛ፥ ኦሮምኛ፥ ሶማልኛና ሐረሪኛ በአንድ መንገድ ላይ ይሰማሉ።

ደቻቱ ወንዝ ይባላል እንጂ በዓመቱ ውስጥ ብዙውን ቀን ውሃ አይታይበትም። ያለው አሸዋና ጠጠር ብቻ ነው። ሰው ይሻገርበታል፥ ፍየል ይሰማራበታል፥ ልጆች ኳስ ይጫወቱበታል፥ ሠራተኞችም ለቤት ሥራ የሚሆን አሸዋ ይዝቁበታል። እንግዳ ሰው ቢያየው ሰፊ መንገድ ይመስለዋል እንጂ ወንዝ አይመስለውም።

በከዚራ አንድ የ11 ዓመት ልጅ ከአያቱ ጋር ይኖር ነበር። አያቱ በምድር ባቡር የጥገና ቤት ብረት በመቀጥቀጥ ብዙ ዘመን አገልግለው ጡረታ የወጡ ሽማግሌ ነበሩ። ከመዶሻው ጩኸት ብዛት የተነሣ ጆሮዋቸው ደንቍሮ ነበር፤ ዓይናቸው ግን ገና ደኅና ነበር። ጎረቤቶቻቸውም ስለ ደግነታቸው ይወዷቸው ነበር።

ነገር ግን ሽማግሌው በክረምት አንድ ልማድ ነበራቸው። ዘወትር በወንዙ ዳር ይቆሙና ወደ ተራራው፥ ወደ ደንገጎ በኩል ይመለከታሉ። በዚያ ጥቍር ደመና ባዩ ጊዜ በከተማው ላይ ፀሐይ ብትወጣም እንኳ፥ «ውጡ! ከአሸዋው ውጡ!» ብለው በታላቅ ድምፅ ይጮኻሉ። አንዳንድ ቀን ውሃ ይመጣል፤ ብዙ ቀን ግን አይመጣም። ውሃ ባልመጣ ጊዜ ልጆቹ ይሥቁባቸዋል፤ «ደመና ቆጣሪው» የሚል ስምም አወጡላቸው።

ልጁ በዚህ ነገር እጅግ ያፍር ነበር። በሐምሌ ወር አንድ ቀን የርሱ ወገን በኳስ ሊያሸንፍ ሲል ሽማግሌው መጥተው ጮኹ። ልጆቹም እያጕረመረሙ ከአሸዋው ወጡ፤ ጨዋታውም ፈረሰ። እስከ ማታም ድረስ አንዲት ጠብታ ውሃ አልመጣችም። ባልንጀሮቹ በልጁ ላይ ዘበቱበት። ከዚያ ቀን ጀምሮ ልጁ አያቱን በወንዙ ዳር ባየ ጊዜ እንዳያውቀው ሰው ሆኖ ፊቱን ወደ ሌላ ይመልስ ነበር። ሽማግሌውም ይህን አዩ፤ ነገር ግን ምንም አልተናገሩም።

በነሐሴ ወር አንድ ቀን ጠዋት፥ ትምህርት ቤት በተዘጋበት ጊዜ፥ ሽማግሌው በትራቸውን አንሥተው፥ «ልጄ፥ ና፤ ዛሬ እስከ ገደሉ ድረስ እንሂድ» አሉት። ዳቦና ተምር በከረጢት ያዙ፤ ውሃም ያዙ፤ ወንዙንም ይዘው ወደ ደቡብ ተጓዙ።

የወንዙ አሸዋ ለስላሳ ነበር፤ ዳሩ ግን እሾህና ድንጋይ የበዛበት ነበር። ልጁም፥ «አባባ፥ ስለ ምን በአሸዋው ላይ አንሄድም? እግራችን እኮ ያርፍ ነበር» አላቸው።

ሽማግሌውም፥ «ልጄ፥ ይህ የእኛ መንገድ አይደለም፤ የውሃው መንገድ ነው። ባለቤቱ በማናቸውም ሰዓት ቢመጣ መልቀቅ አለብን። እኔ ደግሞ ሽማግሌ ስለ ሆንሁ ፈጥኜ ለመልቀቅ አልችልም» ብለው መለሱለት።

ልጁ ይህን ሰምቶ ዝም አለ፤ በልቡ ግን፥ «ደግሞ ጀመሩ» አለ።

ከከተማው ወጥተው ሦስት ኪሎ ሜትር ያህል ከሄዱ በኋላ የገደሉ ግርጌ ደረሱ። በዚያ ስፍራ ነጭና ግራጫ የኖራ ድንጋይ ከወንዙ በላይ እንደ ግንብ ቆሟል። በስተ ላይ፥ ከወንዙ 140 ሜትር ያህል ከፍ ብሎ፥ ፖርክ ኤፒክ የተባለ ዋሻ አለ። ይህ ስም በፈረንሳይኛ ጃርት ማለት ነው። በ1925 ዓ.ም. ገደማ ፈረንሳውያን ሊቃውንት ዋሻውን ቆፍረው መርምረዋል፤ በግድግዳውም ላይ የጥንት ሰዎች የሣሉት ሥዕል ተገኝቷል። ዳግመኛም ከዋሻው መሬት ውስጥ 40 ኪሎ የሚያህል ቀለም የሚሆን ቀይና ብጫ የአፈር ድንጋይ ወጥቷል። ሰዎች ይህን ድንጋይ እየፈጩ ቀለም ያደርጉት የነበረው ከ40,000 ዓመት ገደማ በፊት ነው።

ሽማግሌው እስከ ዋሻው ለመውጣት ጕልበት አልነበራቸውም። ስለዚህ በመንገዱ እኩሌታ ላይ፥ ወንዙ ቍልቍል ከሚታይበት ከአንድ ሰፊ ድንጋይ ላይ፥ ከጥላ በታች ተቀመጡ። ከአለቱ ላይ በጣታቸው አንድ የቀንድ አውጣ ቅርፊት የሚመስል ምልክት አሳዩት።

«ይህ ምን ይመስልሃል?» አሉት።

«የባሕር ነገር ይመስላል» አለ ልጁ። «ነገር ግን ባሕር ከዚህ ወዴት አለ?»

«ዛሬ ባሕሩ ያለው በጅቡቲ ነው፤ በባቡር ከ300 ኪሎ ሜትር በላይ ይርቃል። ነገር ግን ሊቃውንት እንደሚያስተምሩት ከ150 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ይህ ስፍራ ሁሉ ከባሕር በታች ነበር። የባሕር እንስሳት ሲሞቱ ቅርፊታቸው ወደ ታች እየወረደ ተደራረበ፤ ብዙ ዘመንም ሲጫነው ድንጋይ ሆነ። ኋላም ምድር ከፍ ከፍ አለች፤ ባሕሩም ሸሸ። አሁን ለሲሚንቶ የምንቈፍረው ድንጋይ ያ የባሕር ወለል ነው። እንግዲህ ልብ አድርግ፤ በዚህ አገር ውሃ ያልነበረበት ስፍራ የለም። ደረቅ ነው ብለህ አትናቀው።»

ልጁ ባሕር አይቶ አያውቅም ነበርና ስለ ጅቡቲ ወደብ ይነግሩት ዘንድ ለመናቸው። ሽማግሌውም በወጣትነታቸው ባቡር ለመጠገን ወደ ጅቡቲ በሄዱ ጊዜ ያዩትን ነገሩት። መርከቦቹ እንዴት እንደሚራገፉ፥ የባሕሩ ውሃም በቀን ሁለት ጊዜ እየሞላ ሁለት ጊዜ እየጐደለ ዳርቻውን እንዴት እንደሚለዋውጥ፥ በሌሊትም ለመርከበኞች መንገድ የሚያሳይ ታላቅ ፋኖስ እንዴት እንደሚበራ ተረኩለት። «የባሕር ሰዎች ዕድለኞች ናቸው» አሉ። «ባሕራቸው የሚሞላበትን ሰዓት አስቀድመው በመጽሐፍ ጽፈው ያውቁታል። የእኛ ደቻቱ ግን ሰዓት የለውም።»

በዚህ ሳሉ የሽማግሌው ስልክ ጮኸ። ልጁም ተቀብሎ በጆሮዋቸው አጠገብ ያዘላቸው። የደወለው በደንገጎ አጠገብ አትክልት የሚያርስ አንድ ወዳጃቸው ነበር። በዚያ ላይ ዝናቡ እንደ ገበቴ ውሃ እየወረደ መሆኑንና መሬቱም ከመጠጣት ይልቅ እየሰደደው መሆኑን ነገራቸው። በገደሉ ላይ ግን ፀሐይ ታቃጥል ነበር፤ ሰማዩም ከራሳቸው በላይ ጥርት ያለ ነበር።

ሽማግሌው በመጀመሪያ በከተማው በድልድይ አጠገብ ለሚነግድ አንድ ባለ ሱቅ አስደወሉ፤ በአሸዋው ላይ ያሉትን ሰዎች ያስወጣ ዘንድ ለመኑት። ቀጥሎ ከድንጋዩ ጫፍ ቆመው ወደ ታች ተመለከቱ። በወንዙ ውስጥ አንዲት ልጅ ፍየሎች ታሰማራ ነበር፤ ከርስዋም ጥቂት ራቅ ብሎ አንድ ሰው አሸዋ እየነፋ አህያ ይጭን ነበር።

ሽማግሌው በትራቸውን አንሥተው በሦስት ቋንቋ ጮኹ፤ «ውሃ! ቢሻን! ቢዮ!» እያሉ።

ልጂቱ ቃሉን ገና ስትሰማ ፍየሎቿን ሰብስባ ወደ ላይ ወጣች። ሰውየው ግን ወደ ሰማይ ተመለከተ፥ ፀሐዩንም አየና ሥራውን ቀጠለ። ሽማግሌው ደግመው ጮኹ፤ ሦስተኛም ጮኹ። በመጨረሻ ሰውየው አህያውን እየነዳ ተቈጥቶ ወደ እርሳቸው ወጣ።

«አባባ» አለ፥ «እኔ የምበላው ከዚህ አሸዋ ነው። ደመና በታየ ቍጥር ሥራዬን ብተው ልጆቼ ምን ይበላሉ?»

ሽማግሌው አልተቈጡትም። «እውነትህን ነው፤ ሥራህን ማስተውህ ቀላል ነገር አይደለም። ግማሽ ሰዓት ብቻ ከእኔ ጋር ተቀመጥ። ውሃ ካልመጣ የአንድ ጭነት ዋጋ እኔ እከፍልሃለሁ» አሉት። ዳቦውንም ቈርሰው ለእርሱና ለልጂቱ ሰጡ።

ሁሉም ዝም ብለው ተቀመጡ። ጊዜው እያለፈ ሄደ። አሸዋው በፀሐይ ያብለጨልጫል፤ አንዲት ወፍ በላዩ ላይ ትዘላለች፤ ሌላ የሚንቀሳቀስ ነገር የለም። ልጁ አንገቱን ደፍቶ በጠጠር ይጫወት ነበር። በሐምሌ የሰማው የባልንጀሮቹ ሣቅ በጆሮው ይሰማው ነበርና ከዚያ ስፍራ ተነሥቶ ለመሸሸግ ተመኘ። ሰውየው ለመነሣት ብድግ አለ።

«ግማሽ ሰዓት ሆኗል» አለ። «ገንዘብዎንም አልፈልግም። አካፋዬን ከታች ትቼው መጥቻለሁና እርሱን ላምጣ።» ይህን ብሎ መውረድ ጀመረ።

በዚያን ጊዜ ልጁ አንድ ድምፅ ሰማ። ድምፁ ከሩቅ የሚመጣ ባቡር ይመስል ነበር፤ ነገር ግን በዚያ ሸለቆ ሐዲድ የለም። ወደ አያቱ ተመለከተ። እርሳቸው ጆሮዋቸው የደነቈረ ነበርና ምንም አልሰሙም፤ ከደመናውም ዓይናቸውን አልነቀሉም። ልጁ አፉን ከፈተ፥ መልሶም ዘጋው። ተሳስቶ ቢሆንስ? ሰውየው ቢሥቅበትስ? ነገር ግን ሰውየው አሁን ከአሸዋው ላይ ደርሶ ወደ አካፋው ይራመድ ነበር።

ልጁ ብድግ ብሎ ባለ በሌለ ኃይሉ፥ «ውሃ! ቢሻን! ቢዮ!» ብሎ ጮኸ።

ሰውየው በልጁ ድምፅ ውስጥ ያለውን ፍርሀት ሰምቶ ዘወር አለ። በዚያውም ቅጽበት ከወንዙ መታጠፊያ ላይ የርጥብ አፈር ሽታ በነፋስ መጣ። ሰውየው አካፋውን ትቶ ሮጠ፤ በእጁና በእግሩም ገደሉን ቧጥጦ ወጣ። ከኋላው ቡናማው ውሃ ቅርንጫፍና ድንጋይ እያንከባለለ፥ በፊቱም አረፋና ቈሻሻ እየገፋ ደረሰ። ጥቂት ቀድሞ ወፊቱ ትዘልበት የነበረው ስፍራ ዓይን ተጨፍኖ እስኪገለጥ ድረስ ጠፋ። አካፋው፥ ወንፊቱና የተከመረው አሸዋ ሁሉ ተወሰዱ። ልጂቱ ፍየሎቿን ደጋግማ ቈጠረች፤ አንዲትም አልጐደለችም።

ሰውየው ለብዙ ጊዜ ምንም ቃል አልተናገረም። ከዚያም ወደ ልጁ መጥቶ እጁን በራሱ ላይ ጫነ። ሽማግሌው ስለ አካፋው ገንዘብ ሊሰጡት ቢያወጡ፥ «አይሆንም፤ እኔ እንኳ አለሁ፤ አካፋ ይገዛል» ብሎ እምቢ አለ።

ውሃው እስኪጐድል ድረስ ሽማግሌውና ልጁ በጥላው ቈዩ። የሸለቆው ጩኸት እየቀነሰ በሄደ ጊዜ ልጁ፥ «አባባ፥ ልጆቹ ሲሥቁብዎ ስለ ምን አይተዉትም?» ብሎ ጠየቃቸው።

ሽማግሌውም እንዲህ አሉት፦ «ልጄ፥ እስከ ዛሬ ያልነገርሁህን እነግርሃለሁ። በምድር ባቡር አብሮኝ የሚሠራ አንድ ወዳጅ ነበረኝ። ቤቱ በዚህ በደቻቱ ዳር ነበር። አንድ ዓመት በክረምት ደመና አይቼ ወደ እርሱ ሄድሁና ቤተ ሰብህን አውጣ አልሁት። እርሱም አወጣቸው፤ ነገር ግን ውሃ አልመጣም። በማግሥቱ በጥገናው ቤት ነገሩን አውርቶ ሠራተኛውን ሁሉ አሣቀብኝ። ክፋት አልነበረበትም፤ ጨዋታ ወዳድ ሰው ስለ ነበረ ነው። እኔ ግን አፈርሁ።

«ከዚያ በኋላ 1998 ዓ.ም. መጣ። ሐምሌ 29 ቀን ማታ ደንገጎ በመብረቅ ሲበራ አየሁ። ብልጭታው አላቋርጥ አለ። ልሂድና ልንገረው ብዬ ተነሣሁ፤ ጫማዬንም አደረግሁ። ነገር ግን ያ ሣቅ ትዝ አለኝ። ደግሞ ቢሥቁብኝስ አልሁና ጫማዬን አውልቄ ተኛሁ። በዚያች ሌሊት፥ ለሐምሌ 30 አጥቢያ፥ ውሃው ሰዎች ተኝተው ሳሉ መጣ። በድሬዳዋ ከ250 የሚበልጡ ሰዎች ሞቱ፤ በሺህ የሚቈጠሩትም ቤታቸውን አጡ። በነጋ ጊዜ የወዳጄን ቤት ፈለግሁ፤ ያገኘሁት ግን አሸዋ ብቻ ነው። ሣቁን ፈርቼ ዝም አልሁ፤ አሁን ያ ሰው ቢሥቅብኝ ምንኛ ደስ ባለኝ!»

ልጁ ይህን ሰምቶ አለቀሰ። በሐምሌ ፊቱን እንዴት እንዳዞረባቸው አስታወሰና፥ «አባባ፥ እኔም አፍሬብዎት ነበር» አላቸው።

«አውቃለሁ» አሉ ሽማግሌው። «ኀፍረት ምን እንደሚያደርግ ከእኔ የሚበልጥ የሚያውቅ የለምና አልፈረድሁብህም። ዛሬ ግን አፍህን ከፍተህ ዘግተህ ደግመህ ከፈትኸው። ያን አይቻለሁ።»

ወደ ቤታቸው ሲመለሱ ሽማግሌው ስለ ወንዙ ሌላ ነገር አስተማሩት። ዝናብ በተራራው ላይ በኃይል በዘነበ ጊዜ ዛፍና ሣር ካለ ውሃውን ይዞ ቀስ በቀስ ወደ መሬት ያገባዋል፤ ተራራው ከተራቈተ ግን ውሃው ሁሉ በአንድ ጊዜ ይወርዳል። ከ1998 ዓ.ም. በኋላ በከተማው ውስጥ በወንዙ ዳርና ዳር ግንብ ተሠርቷል፤ ነገር ግን ግንብ ብቻውን አይበቃም፤ በተራራው ላይ ዛፍ መትከልና እርከን መሥራት ያስፈልጋል። ሳይቃጠል በቅጠል እንደ ተባለ፥ ጥፋት ከመምጣቱ በፊት መሥራት ይሻላል። ዳግመኛም ወንዙ ጠላት ብቻ አይደለም። ወደ አሸዋው የሰረገው ውሃ ከመሬት በታች ይጠራቀማል፤ የድሬዳዋም ሰው የሚጠጣው ከጕድጓድ የሚወጣውን የመሬት ውስጥ ውሃ ነው። እንግዲህ ወንዙን ማክበር እንጂ መጥላት አይገባም።

ከአንድ ሳምንት በኋላ ልጆቹ እንደ ልማዳቸው በአሸዋው ላይ ኳስ ይጫወቱ ነበር። ያ ልጅ ግን ጨዋታውን ትቶ ወደ ተራራው ተመለከተ፤ በደንገጎ ላይ ጥቍር ደመና አየ። ልቡ ይመታ ነበር፤ ቢሆንም ወደ ዳር ወጥቶ፥ «ውጡ! ውሃ! ቢሻን! ቢዮ!» ብሎ ጮኸ። ልጆቹ እያጕረመረሙ ወጡ። ቈይተው ጠበቁ፤ እስኪመሽ ድረስ ግን ውሃ አልመጣም። «እነሆ፥ ሁለተኛው ደመና ቆጣሪ!» ብለው ሣቁበት።

ልጁ አዝኖ ወደ ቤቱ ገባ፤ የሆነውንም ሁሉ ለአያቱ ነገራቸው።

ሽማግሌውም አጠገባቸው አስቀምጠው እንዲህ አሉት፦ «በጅቡቲ ወደብ ስላየሁት ፋኖስ ነግሬህ ነበር። ያ ፋኖስ ሌሊት ሁሉ ይበራል። መርከብ ግን ሌሊት ሁሉ አይሰበርም። ታዲያ መርከብ ባልተሰበረበት ሌሊት መርከበኞች ፋኖሱን ይሥቁበታልን? ዛሬ ሰው ሁሉ በደኅና ወደ ቤቱ ገባ፤ ከዚህ የሚበልጥ ምን ትፈልጋለህ? ውሃው ስለ ቀረ ደስ ይበልህ።»

ልጁም ጥቂት አሰበና ፈገግ አለ። በማግሥቱ ጠዋት ሽማግሌው በትራቸውን አንሥተው ወደ ወንዙ ሲሄዱ ልጁ ሳይጠሩት ተነሥቶ ተከተላቸው። ልጆቹም በሚያዩበት ስፍራ እጃቸውን ይዞ በደቻቱ ዳር ቆመ። እርሳቸው ደመናውን ያዩ ነበር፤ እርሱም ጆሮውን አቅንቶ ይሰማ ነበር።